«ቦታው የአባቴ ነው» ላሉት የሐዋሳ ጠያቂ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። አባቴ ሐይቁ ዳር ዛፍ ተክሎ፣ ጀልባውን እያሰረና መረቡን እያደረቀ ኖሮበት አለፈ። እኔም ከእሱ ተቀብዬ ላለፉት 19 ዓመታት የምሠራው እዚያው ነው። የቆርቆሮ መጋዘንም ሠርቻለሁ። በግማሹ ላይ ጓደኛዬ ሻይ ቤት ከፍቷል፤ ወረቀት ተጻጽፈናል። አሁን አንድ ባለሀብት «በሊዝ ወስጄዋለሁ» ብሎ ቦታውን በሽቦ አጠረው። ሽማግሌ ልከናል፤ ለሚመለከታቸው ሁሉ አቤት ብለናል። ቦታዬን በፍርድ ቤት ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የማይወዱትን ልንገርዎ። «መሬቱ የኔ ነው» ብለው ቢከሱ አይሳካልዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት፣ የተፈጥሮ ሀብቱም ጭምር፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሀብት ደግሞ ረጅም ዘመን ስለተያዘ ብቻ የግል አይሆንም። አባትዎ ዕድሜ ልካቸውን ቢኖሩበትም ያው ነው።

ስሜትዎን እያናናቅኩ አይደለም። የሥነ ልቦና አጥኚዎች ሰው በሕግ የእሱ ያልሆነውን «የኔ» የሚለው ሲያዝበት፣ አብጠርጥሮ ሲያውቀውና ላቡን ሲያፈስበት ነው ይላሉ። እርስዎ ሦስቱም አሉዎት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መቼ ወደ ዳር እንደሚጠጋ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ዳኛው ግን እውቀትዎን መብት ብሎ አይመዘግብልዎትም። ቢበዛ ለምስክርነት ይጠቅምዎታል። ላብዎ ግን በሕጉ ቦታ አለው። አንቀጽ 40(7) በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለገነባውና ላሻሻለው ሰው በንብረቱ ላይ መብት ይሰጠዋል። ስለ መጋዘኑና ስለ ዛፎቹ የሚከራከሩት በዚህ ነው። እዚህም ላይ አይቸኩሉ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚያስበው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። ስለዚህ መጋዘኑን ሲሠሩ ፈቃድ ነበረዎት ወይ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ወዳስጨነቀኝ ነገር ልምጣ። ሁሉንም ጽፈው አጥሩ መቼ እንደታጠረ አልነገሩኝም። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀ ወይም ሁከት (በይዞታው እንዳይጠቀም የሚያደርግ እንቅፋት) የተፈጠረበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት፣ ሁከቱም እንዲወገድለት መክሰስ ይችላል ይላል። ይህ ክስ ባለቤትነትን አይጠይቅም፤ በእጅ አድርጎ ማዘዝን ነው የሚጠይቅ። ጊዜው ግን 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ከተነጠቁበት ወይም ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ይቆጠራል። ሰዉ ምን ያደርጋል? የአባቴ መሆኑን አገር ያውቃል ብሎ ሽማግሌ ይልካል። አንድ ቢሮ ሲደርስ ሌላ ቢሮ ይመሩታል። የአቤቱታው ኮፒ ፌስታል ይሞላል፣ በየኮፒው ላይ የ«ደርሶናል» ማኅተም አለ፣ ሁሉም «እናየዋለን» ብሏል። በመጨረሻ ፌስታሉን ተሸክሞ ጠበቃ ጋ ሲመጣ 2 ዓመቱ አልፏል! ሽምግልናውም አቤቱታውም ጊዜውን ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። ሽማግሌዎቹ ይቀጥሉ፣ ክሱም በጊዜው ይግባ።

በጊዜው ቢከሱም ድሉ የተረጋገጠ አይደለም። ባለሀብቱ ቦታው ላይ መብት እንዳለው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ወዲያውኑ ካቀረበ ክስዎ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የሊዝ ውሉንና የቦታውን ፕላን ኮፒ በጽሑፍ ይጠይቁ። የተሰጠውና ያጠረው ቦታ አንድ መሆኑን ባለሙያ በኮኦርዲኔት (በካርታ መገኛ ነጥቦች) ይለካልዎት። «ከውሃው 20 እርምጃ» የሚባል ድንበር ፍርድ ቤት አይዘልቅም። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል፣ እርምጃውም አብሮት ይሄዳል። ሽቦውን ደግሞ በንዴት እንዳይቆርጡት፣ አደራ። ከሳሽ መሆን ሲገባዎት ተከሳሽ ይሆናሉ።

ጓደኛዎ ጋ የተጻጻፉትን ወረቀትም በአንድ መስመር አልፈውታል። ምን ይላል? ገንዘብ ተቀብለዋል? መሬቱን ሸጫለሁ ወይም አከራይቻለሁ የሚል ከሆነ ሦስት ምስክር ቢፈርምበትም መሬት መሸጥ አይቻልምና አያድንዎትም። የተቀበሉትን መልሱ ሊባሉ ይችላሉ። ባለሀብቱ እጅ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርበው በእርስዎ ላይ ነው። እባክዎ አይደብቁት፣ አይቅደዱት፣ «እናስተካክለው» ብለው ሌላ ቀን ጽፈው አዲስ አያዘጋጁ። ለጠበቃዎ እንዳለ ያሳዩት።

በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያግኙ። አቅም ከሌለዎት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ሲሄዱ የአጥሩን ቀን የሚያስታውስ ሰው፣ ቀን ያለባቸውን የድሮ ፎቶዎች፣ የማስገር ፈቃድዎንና ማኅበር ካለዎት መታወቂያውን ይያዙ። የከፈሉት ደረሰኝ ካለ ለምን እንደተከፈለ ያንብቡት፤ የዕለት ንግድ ደረሰኝ የመሬት ግብር አይደለም። ለኔ ከጻፉት ብቻ ተነስቶ ክስ አይረቀቅም። ወረቀቶቹን ያየ ጠበቃ ከኔ የተለየ ነገር ቢነግርዎት የእሱን ይስሙ።