የተረፈውን ርካሽ ቢራ ምን እናድርገው? ጥያቄና መልስ

ከድግስ የተረፈ ወይም በርካሽነቱ ተገዝቶ የሚጠጣው ያጣ ቢራ ካላችሁ አትድፉት። በቢራ ማብሰል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ለምግብ የሚሆነው ውዱ ቢራ አይደለም እንዴ?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ቢራ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ ውሃው ይተናል፤ ምሬቱ ግን እዚያው ይቀራል፣ ይከማቻልም። ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) የበዛበት ቢራ ሲጠጣ ደስ ቢልም ተኖ ሩቡ ሲቀር አፍ ያመርራል። ርካሹ የፋብሪካ ላገር (የተለመደው ቢጫ ቢራ) አብዛኛውን ጊዜ ከብቅሉ ጋር ሩዝ ወይም በቆሎ ይገባበታል፤ ሆፕሱም ጥቂት ነው። «ውሃ ውሃ ይላል» ተብሎ የሚናቅበት ይኸው ጠባዩ ለድስት ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ የማይሰጠው ነገር አለ፦ የጥቁር ቢራን የተቆላ ብቅል ጣዕም። ያንን ጥልቀት ከፈለጉ ሽንኩርቱንና ሥጋውን በደንብ አቅልቶ ማምጣት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሥጋ በቢራ ቀቅዬ መረረብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

እህቴ፣ ምናልባት ቢራው በዝቷል፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ተኗል። ለ1 ኪሎ ሥጋ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል፤ የቀረውን ፈሳሽ በውሃ ወይም በሥጋ መረቅ ይሙሉት። ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ወርቃማ እስኪሆን ያብስሉት፣ ጣፋጭነቱ ምሬቱን ይሸፍነዋል። ቢራውን መጀመሪያ ላይ ጨምረው ክዳኑን ገጥመው በለስላሳ እሳት ይተዉት። አሁን ለመረረው ደግሞ መረቅ ጨምረው ያቅጥኑት፣ ካሮት ይክተቱበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወይም ስኳር ያክሉ። ጨውንም አይርሱ፤ ቆንጠር ያለ ጨው ምሬትን በምላስ ላይ ያደበዝዛል።

ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ከሆነ የሚያበስሉት ግን ቢራውን መጀመሪያ አይጨምሩ። ቢራ ጎምዛዛነት ስላለው ጥራጥሬው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ከበሰለ በኋላ ይጨምሩት።

ጥያቄ፦ አልኮሉ ሲበስል ሁሉም ይተናል ይባላል። ለልጆች መስጠት እችላለሁ?

ሁሉም አይተንም፤ ይህ በጣም የተስፋፋ የተሳሳተ እምነት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት ምግብ ውስጥ ተቀላቅሎ ለ15 ደቂቃ ሲበስል 40 በመቶ ያህሉ አልኮል ይቀራል፤ በ1 ሰዓት 25 በመቶ፣ በ2 ሰዓት ተኩል ደግሞ 5 በመቶ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው ንጹህ አልኮል 16 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት የበሰለ ሙሉ ድስት ውስጥ የሚቀረው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው። ለ15 ደቂቃ ብቻ የበሰለ ስጎ ግን ሌላ ነገር ነው። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡር፣ መጠጥ ላቆመ ሰው ወይም በሃይማኖቱ ለማይነካ እንግዳ ሲያበስሉ ቢራውን ይተዉት፤ መረቅ ይተካዋል። ሳያስታውቁ ማብላት ደግሞ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ገብስ ስላለበትም ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ለማይስማማው ሰው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዓሣ በቢራ ሊጥ ስጠብስ ይለሰልስብኛል።

ርካሽ ቢራ ከሁሉ በላይ የሚያምርበት ሥራ ይህ ነው፤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። የጋዙ አረፋ ሊጡን ቀላል ያደርገዋል። አልኮሉ ዱቄቱ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ግሉተን ይገታል፣ ዘይት ውስጥም ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ቅርፊቱ ቶሎ ይደርቃል። ለ200 ግራም የስንዴ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘና አሁን የተከፈተ ቢራ ይበቃል። ጥቂት ብቻ ያማስሉት፤ ትናንሽ ጓል ቢቀር ምንም አይደለም። ዓሣውን በጨርቅ አድርቀው ደረቅ ዱቄት ያልብሱት፣ ከዚያ ሊጡ ውስጥ ነክረው ወዲያው ዘይት ውስጥ ይክተቱ። ዘይቱ 180 ዲግሪ ይሁን፤ ከቀዘቀዘ ሊጡ ዘይት ይጠጣል፣ መለስለሱም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። ብዙ ቁራጭ በአንዴ አይጨምሩ። ሲያወጡትም ሽቦ ላይ ያሳርፉት እንጂ ሳህን ላይ አይደርድሩት፣ በእንፋሎቱ ይርሳልና። ፈሳሹን ቢራ ግን የጋለ ዘይት አጠገብ አያድርሱ፤ ይፈናጠራል።

ጥያቄ፦ ቢራ እርሾ ስላለው ዳቦ ያስነሳል?

የፋብሪካ ቢራ ተጣርቶ ወይም በሙቀት ታክሞ ስለሚታሸግ ሕያው እርሾ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደር ያስፈልጋል፦ 375 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ። ቀላቅለው በ180 ዲግሪ ለ50 ደቂቃ ያህል ይጋግሩ። ማቡካት የለም፣ ማቆየትም የለም።

ጥያቄ፦ ትናንት የተከፈተ፣ ጋዙ የወጣ ቢራስ? ቀኑ ያለፈበትስ?

ጋዙ የወጣው ለወጥ ጥሩ ነው፤ ለሊጥ ግን አይሆንም። ቀኑ ያለፈበት በደንብ የታሸገ ቢራ ጣዕሙ የካርቶን ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። እኔ የምጠነቀቀው ብርሃን የመታውን ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ብርሃኑ ሆፕሱን ይለውጠውና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ያንን ምግብ ውስጥ አይክተቱ፤ አትክልት ቦታ ግን ያገለግላል።

ጥያቄ፦ አትክልት ቦታ ለምን?

ቅጠል ለሚበሉ ቀንድ አውጣዎችና ዛጎል ለሌላቸው ዘመዶቻቸው ወጥመድ ይሆናል፤ የእርሾው ሽታ ይስባቸዋል። ጎድጓዳ ሳህን መሬት ውስጥ ይቅበሩ፣ አፉ ግን ከአፈሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ጠቃሚዎቹ ጥንዚዛዎች እንዳይገቡበት ነው። በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት። የሚስበው ቅርብ ያሉትን ብቻ ነው። ቢራን እንደ ማዳበሪያ ተክል ሥር ማፍሰስ ግን አልመክርም፤ አልኮሉ ሥርን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ኮምጣጤ ይወጣዋል?

ይወጣዋል። ምሬቱ ቀላል ስለሆነ ርካሹ እዚህም ይመረጣል። ጋዙን አስወጥተው አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይጨምሩት፣ ያልተጣራና ያልፈላ ሕያው ኮምጣጤ (ቢራውን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ያልሞቱበት) የቢራውን ሩብ ያህል ያክሉበት፣ አፉን በጨርቅ ሸፍነው ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። ባክቴሪያዎቹ አየር ስለሚፈልጉ በክዳን አይግጠሙት። ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ፀጉር ያለው ሻጋታ ካዩ ይድፉት። ለሰላጣና ለሥጋ ይጠቀሙበት፤ ለወራት ለሚቀመጥ የታሸገ ምግብ ግን አይሁን፣ የአሲዱ መጠን አይታወቅምና።

ጥያቄ፦ ለውሻዬ ብሰጠው?

በፍጹም። አልኮሉም ሆፕሱም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ ግማሹን ብቻ ነው የምጠቀመው። ቀሪውን ማቆየት ይቻላል?

በበረዶ መሥሪያው ትሪ ያቀዝቅዙት፤ ለስጎ አንድ ሁለት ኩብ ማንሳት ይበቃል። ሙሉውን ጠርሙስ ግን ፍሪዘር ውስጥ አያስገቡ፣ ይፈነዳል።