ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ አትስጡ፦ ለወጣት ነርሶች

ውድ የነርሲንግ ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች፤

ትክክለኛ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት የሚለውን በቃላችሁ ስለያዛችሁት አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ አምስቱም ተሟልተው መድኃኒቱ ሊጎዳ መቻሉ ነው፤ ሐኪሙ ትዕዛዙን የጻፈው ጠዋት ላያት ታካሚ ሲሆን፣ እናንተ መርፌውን ይዛችሁ የምትቆሙት ከሰዓታት በኋላ፣ ምናልባትም ሁኔታዋ ከተለወጠ በኋላ ነው።

በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የደም ግፊት ሕመም) ምክንያት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት የምትወስድን እናት እንመልከት። ቀጣዩን መርፌ ከመቅዳታችሁ በፊት ትንፋሿን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ16 በታች ከሆነ መድኃኒቱን አትስጡ። ከጉልበቷ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በመዶሻ መታ አድርጉ፤ እግሯ ምላሽ ካልሰጠ አሁንም አትስጡ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ የሽንት ከረጢቱን አንብቡ፤ ባለፉት 4 ሰዓታት የወጣው ከ120 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ በኩላሊት መወገድ የነበረበት መድኃኒት በደሟ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሲጠራቀም በመጀመሪያ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፤ ስለዚህ የማግኒዥየሙ ማርከሻ የሆነው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት አስቀድሞ በአጠገባችሁ ይኑር እንጂ ጭንቅ ሲመጣ የመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ ፍለጋ አትሩጡ።

ኢንሱሊን ሌላ ጣጣ አለው። ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ ምግቡን ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አስታማሚው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሊሙ ወይም ከጌራ መጥቶ የጅማን መንገድ ገና ያልለመደ ሊሆን ይችላል። የስኳሩን መጠን ለኩ፣ ምግቡ መድረሱንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። «ይበላሉ?» ብላችሁ አትለፉ፤ ሰው ነርስን ላለማስቀየም «አዎ» ይላልና «ምን ሊበሉ ነው? ማን ነው የሚያመጣልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸውን በአፋን ኦሮሞ። በረመዳን ወር ጾመኛ መሆናቸውን ሳይጠየቁ የማይናገሩ ታካሚዎች አሉ፤ ይህን በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት አጣሩና ለሐኪሙ አሳውቁ።

ስለ ሰዓት አንዲት ነገር ልጨምር፦ በቅጹ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈውን፣ ወደ ቤት ለሚሸኝ ታካሚ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብላችሁ ንገሩት።

መድኃኒት ሳትሰጡ ስታቆዩ ለሐኪሙ ወዲያውኑ መንገር ግዴታችሁ ነው፤ «ሐኪሙ ይቆጣል» ብሎ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። በመድኃኒት መስጫ ቅጹም ላይ ያልሰጣችሁበትን ምክንያት፣ የቆጠራችሁትን ትንፋሽ፣ ሰዓቱንና ያሳወቃችሁትን ሐኪም ስም ጽፋችሁ ፈርሙ። ቦታው ባዶ ከቀረ የሌሊት ተረኛዋ መድኃኒቱ ተሰጥቶ ሳይፈረም ቀርቶ ይሁን ጨርሶ ሳይሰጥ መለየት ስለማትችል፣ ወይ ደግማ ትሰጣለች ወይ ታልፈዋለች።