123,456,789 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ? አካፋዮቹስ በእጅ ይወጣሉ?

የጠየቁት፣ 123,456,789 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው) መሆን አለመሆኑንና ካልሆነ አካፋዮቹን ያለ ፕሮግራም ማውጣት ይቻል እንደሆነ ነው። ብቸኛ አይደለም፤ ሥራውም ከሚያስፈራው በላይ አጭር ነው።

የአሃዞቹ ድምር 45 ስለሆነ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። (ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች አንድ አንድ ጊዜ ተጠቅመው እንዳሻዎ ቢደረድሯቸው ድምሩ ያው 45 ነው፤ ከእነሱ ብቸኛ ቁጥር በጭራሽ አይወጣም።) ለ9 ሲካፈል 13,717,421 ይሆናል። የዚህ ድምር 26 ነው፤ 3 ከዚህ በኋላ አይገባም። ብዙ ሰው የድምሩን ደንብ ወደ 27 ያሻግረዋል፤ አይሠራም። 1,899 ድምሩ 27 ሆኖ ሳለ ለ27 ሲካፈል 9 ይተርፋል።

7፣ 11 እና 13ን በአንድ ጊዜ መፈተሽ ይቻላል፤ የሦስቱ ብዜት 1,001 ነውና። ከዋናው ቁጥር ሦስት ሦስት አሃዝ ይዘው 789 − 456 + 123 ይበሉ፤ 456 ይመጣል። ለ7ም ለ13ም 1፣ ለ11 ደግሞ 5 ይተርፋል። ሦስቱም ወደቁ።

ከዚህ ወዲያ ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ እየሞከሩ መቀጠል አድካሚ ነው፤ የሚቀጥለው አካፋይ ላይ ለመድረስ ወደ 500 የሚጠጋ ሙከራ ይጠይቃል። የፌርማ ዘዴ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ መጻፍ። የ13,717,421 ስኩዌር ሩት ከ3,703 ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ መነሻው 3,704 ነው። ቁጥሩ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው ግን ትልቁ ስኩዌር የኢ-ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት፤ 3,704ን ይዝለሉት። 3,705 በራሱ ሲባዛ 13,727,025 ነው፤ ልዩነቱ 9,604፣ እሱም 98 × 98። በመጀመሪያው ሙከራ ተገኘ! የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነትና ድምር ሲባዙ የሚመጣው ስለሆነ አካፋዮቹ እነዚህ ናቸው፦

3,705 − 98 = 3,607
3,705 + 98 = 3,803

ሁለቱም ብቸኛ ናቸው፤ ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን እስከ 59፣ ሁለተኛውን እስከ 61 ባሉ ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ስለዚህ 123,456,789 = 3 × 3 × 3,607 × 3,803።

9ን ሳያወጡ ዘዴውን በቀጥታ ቢጠቀሙም 10,821 × 11,409 ያገኛሉ። ስህተቱ እዚያ ላይ መቆም ነው፤ ሁለቱም ገና ለ3 ይካፈላሉ።

የአካፋዮቹ ብዛት 3 × 2 × 2 = 12 ነው። ድምራቸው 13 × 3,608 × 3,804 = 178,422,816። ቁጥሩ ራሱ ሲወጣ የሚቀረው 54,966,027 የቁጥሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ኤክሴል ላይ ከሠሩ ይጠንቀቁ፤ የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። 123,456,789 በራሱ ሲባዛ መጨረሻው 521 ሲሆን እሱ 500 ብሎ ያሳያል።

ዘዴው የፈጠነው 3,607 እና 3,803 ስለተቀራረቡ ነው። 987,654,321ን ለ9 አካፍለው በዚሁ መንገድ ቢሄዱበት ወደ 90,000 ሙከራ ይፈጃል፤ በተራ ማካፈል ግን ሰባተኛው ብቸኛ ቁጥር 17 ወዲያው ይይዘዋል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እኔ ብሆን ሁልጊዜ እስከ 50 ያሉትን ትንንሾች ጨርሼ ነው ወደ ፌርማ የምሄደው።