ለጡት መቆጣት ፕሮባዮቲክ፦ ስሙን አይቶ መግዛት

እህቴ፣ ጡትሽ ለሁለተኛ ጊዜ ስለተቆጣ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ የያዘ እንክብል) ልጀምር ወይ፣ ድሬ ላይ ካጣሁትስ እርጎ ወይም የግመል ወተት ይተካዋል ወይ ብለሻል።

አይተካውም። ለጡት የተሞከሩት ላክቶባሲለስ ፈርመንተም እና ላክቶባሲለስ ሳሊቫሪየስ የተባሉት ናቸው። የቤት እርጎ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ በምን ያህል መጠን እንዳለ ማንም አይለካውም። ያልፈላ የግመል ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለ ትኩሳት ያለው የባክቴሪያ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፤ ያኔ ትኩሳቱ ከጡት ይሁን ከወተቱ መለየት ራሱ ጣጣ ነው።

ፋርማሲ ስትሄጂ ካርቶኑ ላይ ከሁለቱ የአንዱን ስም ፈልጊ። ለልጆች ተቅማጥ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። በ2010 (በፈረንጆች) ስፔን ውስጥ 352 እናቶችን ይዞ የወጣው ጥናት የሰጠው በቀን 1 ቢሊዮን ገደማ ሕያው ባክቴሪያ፣ ለ3 ሳምንት ነው። ፕሮባዮቲኩን የወሰዱት አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ይልቅ ተሽሏቸዋል፤ ግን ባዶ እንክብል የተሰጠው ቡድን ስላልነበረ ብዙም አልመካበትም። ለጤነኛ እናት ግን ብትሞክረው ብዙም አያሰጋም። ዋናው ችግር የከተማችን ሙቀት ነው፦ መስኮት ዳር የከረመ እንክብል የሞተ ባክቴሪያ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፣ በትኩስ ሻይ አትዋጪው፤ አንቲባዮቲክ ከጀመርሽም በመካከላቸው 2 ወይም 3 ሰዓት ይኑር።

አሁን ጡትሽ ቀልቶ ከሆነ ግን ፕሮባዮቲክ ለዛሬ አይደርስልሽም። በሙቅ ፎጣ መተኮስ፣ አጥብቆ ማሸት፣ ባዶ እስኪሆን ማለብ፦ አራስ ጠያቂ ሁሉ የሚመክረው ይሄ ነው፣ የሚያባብሰውም ይሄው። ያበጠው ሥጋ ቱቦውን ከውጭ ተጭኖታል፤ ስታሺው ይበልጥ ያብጣል፣ ስታልቢው ጡቱ ጨምሮ ያመርታል። ለወተት ብለሽ የምትጠጪውን አብሽም ለጊዜው ተዪው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢበት። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የማያምሽ ከሆነ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ በልተሽ። ልጁን በፈለገው ልክ አጥቢው፤ ወተቱ አይጎዳውም።

በ24 ሰዓት ካልቀለለሽ፣ ወይም ብርድ ብርድ እያለሽ ትኩሳቱ ከጨመረ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክሎክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልሽ፣ ስለቀለለሽ ብቻ በ4ኛው ቀን አታቋርጪው። እብጠቱ መሃሉ ለስልሶ ሲነካ የሚዋልል ከሆነ መግል ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛሽ ስለሆነም የአንቲባዮቲኩን የመጀመሪያ ፍሬ ከመዋጥሽ በፊት ወተቱ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ) ይወሰድልኝ በያቸው።