ደሴ ቤት ተከራይታ ትማር ወይስ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ?

ወንድሜ፣ 8ኛ ክፍልን ያለፈች ልጅዎን ከኩታበር ወደ ደሴ ልከው፣ ቤት ተከራይተውላት በታወቀ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያስተምሯት ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ብትገባ ብለው ጠይቀዋል። ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ሒሳብ አስተምሬአለሁና እኔ ብሆን ኮምቦልቻን እመርጣለሁ።

የደሴዎቹ የሆጤም ሆነ የመምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤቶች ስም በከንቱ አልገነነም። ሆኖም መጽሐፉም የ12ኛ ክፍል ፈተናውም በሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የተማሪው አዳር ነው። ከገጠር መጥተው የሚከራዩ ልጆች ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ይወጡና መኪና ሲያጡ ሰኞን ይቀራሉ፤ ሰኞ የተጀመረ አዲስ ምዕራፍ ደግሞ ማክሰኞ አይደገምም። ምግብ አብስላ፣ ልብስ አጥባ፣ በኩራዝም ሆነ በመብራት የምታጠናውን ልጅ ማታ የሚቆጣጠራት ሰው የለም።

ይህ ክፍተት ቶሎ አለመታየቱ ነው የከፋው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ 9ኛ ላይ የተንገዳገደ ተማሪ ከክፍል ክፍል እየተዛወረ 12ኛ ይደርሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የአክስት ቤትም ያለ ውል አይሆንም። በዘመድ ቤት ያለች ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሕፃን አዝላ ደብተሯን የምትከፍተው ሌሊት ነው። (ይህን የምለው አክስቷን ለመጠርጠር አይደለም፤ ልማዱን ስለማውቀው ነው።) ስለዚህ የትኛውን ሥራ እንደምታግዝና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደምታጠና አስቀድመው በግልጽ ይነጋገሩ፤ ለቀለቧ የሚሆን እህልም ይላኩላት።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በአማርኛ ቢያብራራም ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ፣ በዚህ ክረምት የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂና የፊዚክስ መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሰው የየምዕራፉን ቃላት እያወጣች ታጥና። የ8ኛ ክፍል ውጤቷንና የትምህርት ቤቷን መሸኛ ይዘው ሲያስመዘግቧት፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት መኖሩን ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ የክፍል ኃላፊ መምህሯም የእርስዎን ስልክ እንዲይዙ ያድርጉ።