ልጄን በየትኛው ቋንቋ ላናግራት? የወላጆች ጥያቄና መልስ

የኬጂና የታች ክፍል መምህርት ነኝ። የሕፃናት ቋንቋ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ትንንሽ ልጆችን በሁለት ቋንቋ ስለማስተማር የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመቷ ነው። «ማሚ፣ ዋተር ስጪኝ» ትለኛለች። ሁለቱ ቋንቋ ተምታቶባት ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አልተምታታባትም። ቶሎ የመጣላትን ቃል ነው የተጠቀመችው። ደግሞ ልብ በይ፤ «ስጪኝ» ነው ያለችው፣ «ስጠኝ» አላለችም። የአማርኛውን ሰዋስው አልሳተችም። ስንት ቃል እንደምታውቅ ስትቆጥሪም የሁለቱን ቋንቋ ደምሪ። አትቆጫት፤ «ውሃ ጠማሽ? ይኸው ውሃ» በያትና እለፊው።

ጥያቄ፦ የልጃችን ትምህርት ቤት «ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» አለን። የእኛ እንግሊዝኛ ደግሞ ያን ያህል አይደለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በአማርኛችሁ ቀጥሉ። እንግሊዝኛን ንቄ አይደለም፤ ለልጁ ያስፈልገዋል። ግን ልጅ ከወላጁ የሚወስደው ቃል ብቻ አይደለም። «ለምን?» ብሎ መጠየቅን፣ የዋለበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክን፣ ተከራክሮ ማሳመንን ጭምር ነው። ቤት ውስጥ የሚሰማው «ካም፣ ሲት፣ ኢት» ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? በአንዱ ቋንቋ የገባው ነገር ወደ ሌላው ይሻገራል። መደመርን በአማርኛ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀረው መጠሪያውን ማወቅ ነው።

አገራችን ራሷ ትመሰክራለች። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ። አንዳንዱ ክልል እስከ 8ኛ ክፍል ዘለቀበት፤ ሌላው ቀደም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በኋላ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ጥናት ውጤታቸውን ሲያነጻጽር፣ 8 ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ በልጠው ተገኙ።

አማርኛ መናገር በሚከለከልበት ክፍል፣ አንድ የኬጂ ልጅ ሽንቱ መጥቶ ፈቃድ የሚጠይቅበት እንግሊዝኛ ጠፋበት። ወንበሩ ላይ አመለጠው። ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ አላየንም። ይህን ያየ ሰው ዝም ሊል አይገባም። ትምህርት ቤቱን በግልጽ አናግሩት፤ እንግሊዝኛውን በጨዋታ፣ በመዝሙርና በተረት ያስተምር፣ የቤቱን ወሬ ለእናንተ ይተው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዩቲዩብ ብከፍትለትስ?

መልስ፦ ለሕፃን ሰው ይሻለዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ የ9 ወር ሕፃናትን ቻይንኛ አሰሟቸው። ከተናጋሪው ጋር እየተጫወቱ የሰሙት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን አልቻሉም። ከፍ ያለ ልጅ ከካርቱን ቃል ሊለቅም ይችላል፤ ያኔም አጠገቡ ተቀምጠሽ «አሁን ምን ሆነ?» እያልሽ ብታወሪው ነው የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ እኔ ኦሮምኛ፣ ባለቤቴ አማርኛ እንናገራለን። ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ አለ። ሦስት አይበዛበትም?

መልስ፦ አይበዛበትም ወንድሜ። ሁለታችሁም በየቋንቋችሁ አውሩት፤ ማን በምን እንደሚያናግረው ቶሎ ይለያል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ንባቡ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል መልኩ የተለየ ስለሆነ ከሌላው ጋር አይቀላቀልበትም። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ እና እንግሊዝኛ ግን አንድ ፊደል በሁለት ድምፅ ያነባሉ። «ሲ» የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፤ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ልጁ «ካት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በ«ጭ» ቢጀምረው ሰነፍ እንዳትሉት፤ ቁቤውን በደንብ ስላወቀ ነው። አንዱን ማንበብ እስኪለምድ ሌላውን በጆሮው ብቻ ይስማ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቋንቋ ልጅን ጎበዝ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ድሮ ያደነዝዛል ይባል ነበር። ያንን ሐሳብ የገለበጠው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ተሠርቶ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒልና የላምበርት ጥናት ነው፤ በሁለት ቋንቋ የሚናገሩት ልጆች በአእምሮ ፈተና የተሻለ አመጡ። ዛሬ ተመራማሪዎች ትኩረትን ይጨምራል አይጨምርም በሚለው ይከራከራሉ። እኔ ለዚህ ብላችሁ አስተምሩ አልልም። ከአያቱ ጋር በአማርኛ ማውጋት፣ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ማንበብ መቻሉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ 2 ዓመት ተኩል ሆኖት ገና አላወራም። አንዱን ቋንቋ እናቁም?

መልስ፦ ቋንቋው አይደለም የሚያዘገየው። በሁለቱም ዝም ካለ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ ሐኪም ሳታዩ አትቆዩ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የ6 ዓመት ልጃችን አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልስልን ግን በእንግሊዝኛ ነው።

መልስ፦ መስማቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳይጠፋ። እሱ በእንግሊዝኛ ቢመልስም እናንተ አማርኛውን አትልቀቁ። ሰው ፊት «እስቲ በአማርኛ ተናገር» እያላችሁ አታሸማቅቁት። ይልቅ አማርኛ ግድ የሚሆንበትን ሰው ፈልጉለት። እንግሊዝኛ ከማትችል አያቱ ጋር በቪዲዮ ያውራ፤ እናንተ ከአጠገቡ ዘወር በሉ፣ አታስተርጉሙለት። ክረምት አገር ቤት መላክ ከቻላችሁ ከአክስቱ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት መናገሩ አይቀርም። ፊደሉንም በስሙ ጀምሩለት፤ ሁሉንም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በአንድ ጊዜ አትጫኑበት።