ርዕሱ ሌላ፣ ዜናው ሌላ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ፒያሳ አካባቢ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። «ከተማዋ ተናወጠች» የሚል የዩቲዩብ ዜና ደንግጬ ብከፍት፣ የተወራው ስለ አንድ ቀላል የመኪና ግጭት ነበር። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው፣ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውንና ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነውን መረጃ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ እውነት ሆኖ ርዕሱ ብቻ የተጋነነ ዜና አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። የዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ከተመልካች ብዛት ጋር የተያያዘ በመሆኑም ማጋነኑ ያተርፋል።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ግጭትና ስለ ሞት የሚጻፈው ርዕስ ነው፤ ዘመዶቹ ክፍለ ሀገር ያሉበት አራት ኪሎ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ርዕስ አይቶ፣ ስልክ ደውሎ ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ የሚያሳልፈውን ጭንቀት ማንም አይክሰውም። ያም ሆኖ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነትን ስለሚያረጋግጥ፣ ርዕስን በቅጣት ከማረም ይልቅ የአርታኢው ኃላፊነት ቢጠነክር እመርጣለሁ። እርስዎም ዜናውን ለሌላ ከማጋራትዎ በፊት ድርጊቱ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ ምንጩም ማን እንደሆነ በውስጡ መገለጹን ይመልከቱ።